ማሽኑ ስህተት ነው ያለው መልስ

ፕሎፓሪ፣ የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ዚናዬ፣

እማማ አኩሊና ወደቁ። ሰላምታዬን ሳላደርስ በዚህ መጀመሬን አትቀየሚኝ፤ አጥር የምንጋራቸው እሳቸው ናቸው፣ አንቺም ብትሆኚ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ እሳቸው ነው። የጎመዘዘ ጎመን ሊያወጡ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ እርጥቡ ደረጃ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። የሶሮካ ሐኪሞች በብረት አያይዘው መለሷቸው። አሁን አልጋ ላይ ናቸው፤ አፋቸው ግን እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰበረም። ልጃቸው ኤውጄኒያ ከፖርቱጋል በየቀኑ ትደውላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትዘጋለች። ወንዱ ሞስኮ ነው፤ እሱ አይደውልም፣ አያለቅስምም። እኔ ጠዋት ጠዋት ምድጃቸውን አነድላቸዋለሁ። ማጠቡንና ማብላቱን የያዘችው ግን ልጅሽ ኢሊንካ ናት። ሾርባውን "ጨው የለውም" ይሏታል፤ ጨው ስትጨምር "ልትገዪኝ ነው" ይሏታል፤ እሷ ትስቃለች። እንዴት እንደምታገላብጣቸው ብታዪ፣ እንደ እንቁላል ነው የምትይዛቸው።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይኸውልሽ፦ አንቺን በሰው ቤት፣ እኔን በቤቴ፣ አንዱ ጌታ ይጠብቀን። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በቁመት በልጣኛለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። በስልኩ ሲሆን ኢሊንካ አጠገቤ ናት፣ አንቺም ጋ የምትጦሪያቸው አሮጊት፣ ሲኞራዋ፣ አጠገብሽ ናቸው፤ ሁለታችንም "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ብለን እንዘጋለን። ወረቀቱን ግን ትሮፊም በሚኒባሱ ከዋልነቱና ከአይቡ ጋር ጣልያን አገር ፓዶቫ ያደርስልኛል፤ አንቺም ብቻሽን ስትሆኚ ታነቢዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚያ ከተማሽ ያለው የነርስ ትምህርት ቤት ፈተናውን ከፋሲካ በኋላ ይሰጣል። መሄድ የለም፤ እዚሁ ቤት በኮምፒውተር ነው፣ የሚያርመውም ማሽኑ ራሱ ነው አሉ። ከመቶ ስልሳ ካመጣች በመስከረም አንቺ ጋ ናት። አንድ ሰው የሚፈተነው ግን አንዴ ብቻ ነው። ባታመጣስ የሚለውን አላወራም። ዘጠኝ ዓመት ልጅሽን በስልክ መስታወት ስታዪ ኖረሻል፤ እሷም እንደዚያው።

ከእራት በፊት ስትለማመድ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ድንች እልጣለሁ፣ ስለዚህ እኔም ነገሩን ለምጄዋለሁ። እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው አለ፤ እሱን እኔም እሞክርና ግማሹን አገኛለሁ። ኢሊንካ "አክስቴ፣ ሳንቲም ብትወረውሪም ግማሹን ታገኛለሽ" ትለኛለች። ምርጫ አለ። "ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጪ" የሚለው ምርጫ ክፉ ነው፤ አንዲት የተሳሳተች ከነካሽ ያገኘሽውንም ይነጥቅሻል። አዛምጂ አለ፤ በቅደም ተከተል አስቀምጪ አለ፤ ባዶውን ቦታ ሙዪ አለ። መጨረሻው ላይ ድርሰት። ማሽን ድርሰት እንዴት እንደሚያነብ እንጃ። መምህር ፓንፊል ግን "ድርሰቱን ለኔ ተዉት" ብለዋል።

እኚያ እኛን ያስተማሩን ፓንፊል ናቸው እንግዲህ። ጣልያንኛውን እዚያ አገር ሲሚንቶ ሲያቦኩ ነው የለመዱት። ከመንደራችን ለሚፈተኑት ሦስት ልጆች፣ ለኢሊንካ፣ ለትሮፊም ልጅ ለናዲያና ለወፍጮ ቤቱ ለአንቶን፣ እንደ ድሯቸው ድርሰቱን ራሳቸው ደርሰው ቃል በቃል እያጻፏቸው ነው፤ "በሽተኛ መንከባከብን ለምን መረጥኩ" የሚል። ልጆቹ ይሸመድዱታል። ትዝ ይልሻል፣ "የመንደራችን መኸር" የሚለውን? እኔ ከጻፍኩበት ደብተር ላይ ከሁለት ዓመት በኋላ አንቺም ያንኑ ሸመደድሽ። ክፍሉ ሁሉ አንድ ቃል ሳይስት ጻፈ፣ ክፍሉ ሁሉ ከአስር አስር አገኘ፤ እናታችን ነፍሷን ይማርና የአይብ ፕላቺንታ ጋገረችልን።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ፈተናው የልጅቷን ፊት የሚያይ ካሜራ ይፈልጋል፤ የኛው ኮምፒውተር ዓይኑ ጠፍቷል። ብታገኚ ላኪልን።

ልጅሽን ያሳደግኩልሽ፣ እሷም እኔን ያሳደገችኝ መሰለኝ፣
ኦሊምፒያ


ፓዶቫ፣ የሁዳዴ አምስተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

እትዬ ኦሊምፒያ፣

ጉልበትሽን፣ ዓይንሽን፣ ከብትና ዶሮሽን ጌታ ይጠብቅልኝ። ልጄን ያቀፈ እጅሽን ከዚህ ሆኜ ስሜዋለሁ። መልሴ የዘገየው ያለፈው እሑድ ትሮፊም ከቆመበት አደባባይ መድረስ ስላልቻልኩ ነው። ሲኞራ ኤልዳን ብቻቸውን ጥሎ መውጣት አይቻልም። እድሜ ነው፣ ትንሽ ደከም ብለዋል።

ካሜራውን ልኬያለሁ፤ ካልሲው ውስጥ ነው፣ እንዳትጥሉት። እማማ አኩሊናን እግዜር ይማርልኝ፤ ኢሊንካ ስታነሳቸው ጉልበቷን አጥፋ እንጂ በወገቧ አታንሳ በያት። የኔ ወገብ የሄደው በዚያ ነው።

ሲኞራ ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ለልጄ ፈቅደውልኛል። ጠባብ ናት፣ ግን መስኮት አላት፤ መስኮቱ ላይ የበለስ ዛፍ ይታያል። ታጣፊ አልጋ ገዝቻለሁ። አልጋ ልብሱን ሰማያዊ አደረግኩት። እትዬ፣ አሁንም ሰማያዊ ትወዳለች? ስምንት ዓመቷ ሳለ ትወድ ነበር። እሷን አትጠይቂያት፣ እንዲሁ አይተሽ ንገሪኝ።

ድርሰቱን አጥብቃ ትያዝ። የመምህር ፓንፊል ድርሰት ጥሎን አያውቅም።

ዚናይዳ


ፕሎፓሪ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የሙታን ሰኞ ባለፈ በሳምንቱ

ዚናዬ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል! የእናታችንን መቃብር አጽድቼ ቀይ እንቁላልና ዳቦ አኑሬላታለሁ፤ በስምሽም ወይን አፍስሼላታለሁ። ሰማያዊውን በሚመለከት፣ ሹራቧም ቦርሳዋም ግራጫ ነው። ግን የሌላ ቀለም ጥላቻ የላትም።

ፈተናው ሐሙስ ነበር። የመንደሩ ጥሩ የኢንተርኔት መስመር ያለው እኛ ቤት ስለሆነ ሦስቱም እኛው ጋ ተፈተኑ፤ የእንግዳ ክፍሉን ከፍቼ፣ የተጠለፉትን ትራሶች አንስቼ፣ ሦስቱን በሦስት ጥግ አስቀመጥኳቸው። እኔ ውጭ በር ላይ ተቀምጬ ዶሮ አባረርኩ። እንዳይጮሁ። መምህር ፓንፊል ከአጥሩ ውጭ ይመላለሱ ነበር። ግቡ ብላቸው "ካሜራው ካየኝ አስተማሪ ገባ ይላል" ብለው ፀሐይ ላይ ቆሙ።

ውጤቱ ገና እጃቸውን ሳያነሱ ወጣ። እኛ ውጤት ለመስማት የስንት ቀን ምጥ ነበረን፤ አሁን ምጡም የለ። እውነት ሐሰቱን ሁሉንም አገኘች። ምርጫውን ጥሩ ሠራች። ያን ክፉውን ምርጫ ግን በየጥያቄው አንዲት የተሳሳተች እየነካች ሃያ ነጥብ ተነጠቀች። አዛምጂው ሙሉ ነው። ያስለቀሳት ግን ሌላ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው በቅደም ተከተሉ ነው፤ "አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ እንዴት ይታጠባል" የሚል። ይህ በየቀኑ የምትሠራው ነገር ነው። ማሽኑ መጀመሪያ እጅ መታጠብ ነው ይላል፣ ሰላምታውን ከሁሉ መጨረሻ አድርጎታል፤ እሷ መጀመሪያ በሽተኛውን ሰላም ማለት፣ ከዚያ እጅ መታጠብ አለች። እማማ አኩሊና ሰላም ሳይባሉ ብርድ ልብሳቸው ቢነካ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ። እንግዲህ ያቺ ሰላምታ ወደ ላይ ስትወጣ የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ። ማሽኑም ሁሉም ቦታቸውን ስተዋል ብሎ ዜሮ ሰጣት። አራት ነጥብ።

ሁለተኛው ባዶ ቦታ ሙዪ ነው፤ "ቤት የተኛን በሽተኛ በዋናነት የሚንከባከበው ማን ነው?" የሚል። ትክክለኛው መልስ "ቤተሰብ" ኖሯል። እሷ ሌላ ጽፋለች። ምን ብለሽ ጻፍሽ ብላት "የማውቀውን" ብላ ዘጋችኝ። እሱም አራት ነጥብ።

ድምሩ ሃምሳ ሁለት ሆነ። አትደንግጪ፤ ድርሰቱ ገና አልታረመም። "እርማት በመጠባበቅ ላይ" ይላል። ድርሰቱ ብቻውን ሃያ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ስምንት ነው። ኢሊንካ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሳትስት እንዳለ ነው ያወረደችው። አንቶንም እንደዚያው። ናዲያ ብቻ እንደ ልማዷ ከሁለተኛው መስመር አላለፈችም፤ የቀረውን የመጣላትን ነገር ሞላችበት፣ ስለ አባቷ ሚኒባስ፣ ስለ ውሻቸው፣ ምናምን። መምህር ፓንፊል ራሳቸውን ይዘው "ይቺን ልጅ ስንዴ አጨዳ ነው መላክ" አሉ።

እኛ ግን ፕላቺንታ በላን። ለእማማ አኩሊና ወስጄላቸው "አልፋለች?" አሉኝ። "ስምንት ነው የቀራት" አልኳቸው። "ስምንት ለሃያ ምን ይቸግረዋል" ብለው ቆረሱ።

ያንቺው ኦሊምፒያ


ፓዶቫ፣ ግንቦት ሲያልቅ

እትዬ፣

በእውነት ተነሥቷል፤ አንቺንም ከድካምሽ ያንሣሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የዶሮዎቹን ነገር ሳነብ ሳቅኩ፣ የመቃብሩን ሳነብ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሥራ ስለነበረ ሁለቱንም ተውኩት።

ውጤቱ መጣ? በስልክ ስጠይቃት "ገና ነው" ብቻ ትለኛለች። ከመጣ ትሮፊምን አትጠብቂ፣ ደውይልኝ። ወይ ተይው፣ አትደውይ፤ ጻፊልኝ።

የክረምት ልብሷን በዚህ ጉዞ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር፤ ለጊዜው ይቆይ። ክፍሏ ትንሽ እርጥበት አለው፣ ልብስ ይበላሻል። ሲኞራ ሆስፒታል ገብተዋል። ለጥቂት ቀን ነው ብለዋል። ልጆቻቸው ከሚላኖ መጥተው ቤቱን አይተው ሄዱ።

ፕሪሙን ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል፣ የደረቀውን። ሲኞራ ይወዱታል። ይወዱታልና ሲመለሱ እሰጣቸዋለሁ።

አልጋ ልብሱን አልቀይረውም። ግራጫ ያሳዝናል።

ዚናይዳሽ


ፕሎፓሪ፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ

ዚናዬ፣ የኔ እህት፣

ልብሽን ያጽናልሽ ብዬ ልጀምር፤ ሌላው ምርቃት ዛሬ አፌ ላይ አይመጣም።

ድርሰቱ ዜሮ ነው።

ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ በዓይኔ አየሁት። ማሽኑ ድርሰቶቹን ወደ ሰው ከመላኩ በፊት እርስ በርስ ያስተያያቸዋል አሉ። የኢሊንካና የአንቶን ድርሰት ከመቶ ዘጠና ስምንት እጁ አንድ ነው፣ ስለዚህ ተኮራርጀዋል፣ ስለዚህ ለሁለቱም ዜሮ። ሁለቱ በመቶ የአንቶን ስህተት ነው። ሃምሳ ሁለቱ ሃምሳ ሁለት ሆኖ ቀረ። ናዲያ አለፈች። የውሻዋ ድርሰት ከማንም ጋር አልተመሳሰለም።

መምህር ፓንፊል ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "እንዴ፣ ታዲያ ትክክለኛ መልስ ስንት ዓይነት ሊሆን ነው?" አሉ። ከልባቸው ነው የጠየቁት። እኛስ ምን እናውቃለን? እድሜ ልካችንን አንድ ዓይነት መጻፍ ጉብዝና ነበር። ልጆቹ አልተያዩም፣ በሦስት ጥግ ነበሩ፣ በሩ ላይ እኔ ነበርኩ። ግን የማን ምስክር ልሁን? ዶሮ ሳባርር የነበርኩ ሴት።

አቤቱታ ጻፍን። መምህሩ በጣልያንኛ አቀነባበሩት፣ ድርሰቱ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው፣ ልጆቹ የታዘዙትን ነው ያደረጉት ብለው ስማቸውን አሰፈሩበት። ኢሊንካ ላከችው። ኮምፒውተሩን ሳንዘጋ መልስ መጣ። ደስ አለን፣ ተመልከች፣ እንዴት ፈጣን ሰዎች ናቸው ብለን። "ውድ ተፈታኝ፣ መልእክትዎ ደርሶናል፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው፣ መልካም ቀን" ይላል። ማንም አላነበበውም ማለት ነው። በማግስቱ መምህሩ ሌላ፣ ከፊተኛው የረዘመ ጻፉ። ያው መልስ መጣ፣ ፊደል ሳይለወጥ።

መምህር ፓንፊል ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ብዙ አዩና "ይሄስ? ይሄም እኮ ከትናንትናው ጋር አንድ ነው። ለዚህኛው ዜሮ የሚሰጠው ማን ነው?" አሉ። አንቶን ሳቀ። ኢሊንካ አልሳቀችም፤ ተነስታ የእማማ አኩሊናን የምሳ ሰሃን ይዛ ወጣች።

አንቶን ከአጎቱ ጋር ፖላንድ ግንባታ ይሄዳል። የኛዋ ግን የጣልያንኛ መጽሐፏን ካስቀመጠችበት አልነካችውም። አላለቀሰችም፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። እዚያ አጥር ወዲያ ስትሆን ድምጿን እሰማለሁ፣ ከእማማ ጋር ታወራለች፤ እኔ ጋ ስትመጣ ዝም።

ዚናዬ፣ አንቺ እኮ እዚያው ከተማ ነሽ። ማሽን ነው እያሉን የምናለቅስለት ነገር አንድ ቦታ በር ይኖረዋል። በሩን አንኳኪልን። ሰው ፊት ቁሚ። ልጄ ናት በያቸው። እናት ያልሰማ ማንን ይሰማል?

ፕሪሙን ልኬያለሁ። ሲኞራ ኤልዳ እንዴት ናቸው? ሁለቴ በስልክ ጠይቄሽ ወሬ ቀየርሽብኝ።

ኦሊምፒያ


ፓዶቫ፣ ሐምሌ

እትዬ ኦሊምፒያ፣

የማትለወጪው አንቺ ብቻ ነሽና እግዜር እንደዚያው ያቆይሽ። ዘገየሁ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

ሄድኩ። ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። በር አለው እትዬ፣ የመስታወት በር፣ ራሱ ይከፈታል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ከኢሊንካ እምብዛም አትበልጥም፤ ውሃ ሰጠችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ሰደበችኝ ብዬ እንኳ ልቆጣባት አልችልም። ማሽኑ የእነሱ አይደለም፣ ከሌላ ቦታ የተከራዩት ነው። እሷ ማየት ትችላለች፣ መቀየር አትችልም። መምህራኑ እረፍት ላይ ናቸው። ሲመለሱ ደግሞ ስም ዝርዝሩ ተዘግቷል። "እኔ ብሆን እሰጣት ነበር" አለችኝ። ምን ይሠራልኛል።

ልጄ የጻፈችውን አሳዪኝ አልኳት። ስክሪኑን አዞረችልኝ።

"ቤት የተኛን በሽተኛ በዋናነት የሚንከባከበው ማን ነው?" ይላል። ከሥሩ ኢሊንካ እንዲህ ጽፋለች፦ "ልጆቿ ሌላ ቦታ ያሉ ሴት።" ከጎኑ ቀይ ምልክት፣ ዜሮ።

ልጅቷም አብራኝ አነበበችው። ማሽኑ "ቤተሰብ" የሚለውን ነው የሚፈልገው፣ "ዘመድ" ብትልም ይቀበላት ነበር አለችኝ። ከዚያ ሳላዛት ደመረችው፦ ይሄ አራት፣ ያ የሰላምታው አራት፣ ልክ ስልሳ ይመጣ ነበር። ከደመረች በኋላ እሷም ደነገጠች። "ይቅርታ፣ ባልደምረው ይሻል ነበር" አለች።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ሲኞራ ኤልዳ የሞቱት ለጰራቅሊጦስ ዋዜማ ነው። ፕሪሙ ሲደርስ ተቀብረው ነበር። እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ነበሩ። ከቀብር መልስ ልጆቹ ክፍሎቹን በሜትር ለኩ፣ እኔም ያቺን ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለችውን ለቅቄ ወጣሁ። አሁን አንዲት የኛ አገር ሴት ጋ ነኝ፣ ሌላ ሥራ እስካገኝ። ታጣፊ አልጋውን ይዤው ነው የወጣሁት። ሰማያዊው ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።

ብታልፍ ኖሮ የት ላስቀምጣት ነበር? ያንን ሃምሳ ሁለት ሳይ ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ ስሙን አልጽፈውም፣ አንቺም አትጥሪው።

ለኢሊንካ አትንገሪያት። ሲኞራ ደህና ናቸው በያት።

ዚናይዳ


ፕሎፓሪ፣ ዋልነት የሚረግፍበት ሰሞን

ዚናዬ፣

ሲኞራ ኤልዳን ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ በስማቸው ሻማ አብርቻለሁ፣ ካህኑ የማን ናት ሲሉኝ "የኛው ናት" አልኳቸው። አንቺንም ቤት የሌለበትን ሌሊት የሚያሳልፍ ጌታ ያሳልፍሽ።

ደብዳቤሽን አልነገርኳትም። መንገርም አላስፈለገኝም። ትሮፊም ፖስታውን ሲሰጠኝ አጠገቤ ዋልነት ትሰብር ነበር፤ አንብቤ ስጨርስ ቀና ብላ "ሲኞራዋ ሞቱ አይደል?" አለችኝ። ደህና ናቸው ልላት አፌን ከፈትኩ። "አክስቴ፣ በስልክ ስናወራ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ከተቀየረ እኮ ሰነበተ። መስኮቱም የለም" አለች። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። አንቺ እሷ እንዳታዝን ትዋሻታለሽ፣ እሷ አንቺ እንዳታፍሪ የተዋሸች መስላ ትሰማሻለች፣ መሃል ላይ እኔ ሁለታችሁንም አያለሁ። ምን ላድርግ? ሄጄ አንቺን አላመጣ፣ ይዤ እሷን አላደርስ። ለሁለታችሁም ሾርባ መሥራት ነው የማውቀው፤ አንቺ ጋ ደግሞ አይደርስም።

ኤውጄኒያ ከፖርቱጋል ደውላ እናቴን ኢሊንካ እንደ ሥራ ትያዝልኝ፣ በየወሩ እልካለሁ አለች። ኢሊንካ እሺ ብላለች። እንግዲህ ልጅሽ ነርስ ሆነች በይ፣ ያለ ትምህርት ቤቱ።

ያንቺንም ነገር ኤውጄኒያ ጠይቃኛለች። እሷም እኮ እዚያ የምትሠራው አንድ አሮጊት ዘንድ ነው። የሷን እናት ያንቺ ልጅ፣ የሌላ ሰው እናት እሷ። ይህን ሳስበው ራሴን ያዞረኛል፤ ትቼዋለሁ።

ትናንት ሰው በዛብን። ፕሪም የምናበስልበት ቀን ስለነበረ ግቢው ውስጥ ትልቁን ድስት ጥደን ነበር። መጀመሪያ የመጣው ትሮፊም ነው፤ ጥቅል ሊወስድ። ናዲያን እሑድ ይዟት ወደ እናንተ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ ግባ ስለው "ምን ፊት አለኝና" አለ። ኢሊንካ ራሷ ወጥታ ለናዲያ ብላ የጣልያንኛ መጽሐፏን ሰጠችው። እሱም "ሚኒባሱ ላይ ለአንቺ የያዝኩት ያ ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነው፣ አልሸጥኩትም" አላት። "ሽጠው ጋሼ፣ ባዶ ወንበር ቤንዚን ይበላል" አለችው።

ከሱ በኋላ መምህር ፓንፊል መጡ። ከፈተናው ወዲህ ከስተዋል። ለሚመጣው ዓመት ለሚፈተኑት ልጆች አዲስ ዘዴ አግኝቻለሁ አሉን፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለያየ ድርሰት ይደርሱለታል፣ ልጁም የራሱን ብቻ ይሸመድዳል። አራቱን ጽፈው ጨርሰዋል፣ አምስተኛው ላይ ናቸው። አንዱ ውስጥ ውሻ አስገብተዋል። ምን እንላቸዋለን? ጎበዝ ነዎት አልናቸው፣ ትኩስ ፕሪም በሰሃን ሰጠናቸው። ሲወጡ ኢሊንካን ፀጉሯን ዳሰሱና ኮፍያቸውን አደረጉ።

እማማ አኩሊናን ከነወንበራቸው ተሸክመን አምጥተን ድስቱ አጠገብ አስቀምጠናቸው ነበር። ከወደቁ ወዲህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ስለ ፈተናው ሰው ሁሉ ሲያወራ ይሰማሉ እንጂ ምን እንደሆነ በደንብ የነገራቸው የለም። "ምን ብሎ ጠይቋት ነው የወደቀችው?" አሉኝ። ነገርኳቸው፤ በሽተኛን ቤት ውስጥ የሚንከባከበው ማን ነው ብሎ ነው አልኳቸው። "መልሱስ?" አሉ። ቤተሰብ አልኳቸው። "እሷስ ምን አለች?" ኢሊንካ ማማሰያውን እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ ራሷ ነገረቻቸው።

እማማ አኩሊና ፕሪሙን አኘኩ፣ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ተፉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"እንግዲያው ትክክለኛውን ብትጽፍ ኖሮ ነገ ማን ያጥበኝ ነበር?"

ኢሊንካ ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማማሰያውን ለኔ ሰጠችኝና ወደ ጓሮ ሄደች፤ ድስቱን እስካወርደው ድረስ አልተመለሰችም። እማማ አኩሊናም "ሄደሽ አትከተያት፣ ተያት" አሉኝ።